ግንቡን ማን ሠራው? ከቢቸና እስከ ሞጣ የሚገኙ ጥንታውያን ፍርስራሾች

የሮማውያንን ታሪክ ለማየት ወደ ኢጣልያ የሚሄድ መንገደኛ አስቀድሞ የሚጠይቀው ታላቂቱን የሮማን ከተማ ነው። ኮሎሴዮን ዞሮ፣ ቅስቶቹን አድንቆ፣ ፎቶግራፉን ተነሥቶ ይመለሳል። የዚያ ሕዝብ ኑሮ በከተማ ብቻ እንዳልነበረ የሚያስረዱት ግን ከአውራው ጎዳና ርቀው በየገጠሩ የሚገኙት የቪላ ፍርስራሾች ናቸው። ዛሬ በከተማችን ቪላ ስንል አጥርና ግቢ ያለውን ቤት ማለታችን ነው፤ በጥንቱ ዘመን ግን ቪላ ማለት ባለርስቱ ከነእርሻው፣ ከነጐተራውና ከነአገልጋዩ የሚቀመጥበት የገጠር ግቢ ነበረ። በሲሲልያ ደሴት ፒያሳ አርሜሪና ከምትባለው ከተማ አጠገብ ያለው የካሳሌ ቪላ በ4ኛው መቶ ዓመት ተሠርቶ፣ በ12ኛው መቶ ዓመት ከተራራ የወረደ ናዳ ጭቃ አልብሶት ኖረ። በ1950ዎቹ ዓመታት ሊቃውንት ጭቃውን ቢገፉት በጥቃቅን ባለቀለም ድንጋዮች የተሣለ 3,500 ካሬ ሜትር ያህል ወለል ብቅ አለ። በእንግሊዝ አገርም ፊሽቦርን በተባለው ስፍራ በ1960 ለውኃ ቧንቧ የሚሆን ቦይ ሲቈፈር የሮማውያን ዘመን ቤተ መንግሥት ተገኘ። በላዩ ሰው ሲያርስበትና ሲመላለስበት ነው የኖረው።

እኛ ኢትዮጵያውያንም የጥንት ታሪካችንን ለመጐብኘት ስንነሣ የምንጠራቸው ስፍራዎች በጣት የሚቈጠሩ ናቸው፤ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር። የሚገባቸው ክብር ነውና በዚህ ቅር አንሰኝም። ነገር ግን በምሥራቅ ጎጃም ከቢቸና ተነሥቶ ወደ ሞጣ የሚዘልቀውን መንገድ የተከተለ ሰው ብዙ ያልተነገረላቸውን የድንጋይ ሥራዎች ያገኛልና፣ በዚህ ጽሑፍ ስለ እነዚህ ጥቂት ለማለት አሰብን። ዓመታቱን በአውሮፓ አቈጣጠር የጻፍነው፣ ስለ ስፍራዎቹ የጻፉት የጥንት መንገደኞች በዚያው ስለ ተጠቀሙ አንባቢ ለማነጻጸር እንዲመቸው ብለን ነው።

ከቢቸና ብዙ ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። ይህን ደብር ሄዶ ያላየው አንባቢ እንኳ በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ አግኝቶት ይሆናል፤ ደራሲውም ራሳቸው በልጅነታቸው በዚሁ በጎጃም አብነት ትምህርት ቤቶች የተማሩ ነበሩ። የዲማ ክብር በግንብ ሳይሆን በመጽሐፍና በመምህር ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ሲጓዙ ደብረ ወርቅ ማርያም ትገኛለች። ደብሯን የመሠረቱት አባ ሠርፀ ጴጥሮስ ናቸው፤ በውስጧም ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት ተብሎ የሚታመንባት የእመቤታችን ሥዕል ትጠበቃለች። እነዚህ ሁለቱ ራሳቸውን የቻለ ጽሑፍ የሚገባቸው ስለ ሆነ፣ ለዛሬው ሰላምታ ብቻ ሰጥተናቸው እናልፋለን።

የጉዟችን ዋና ስፍራ ከአውራው ጎዳና ወደ ምሥራቅ ተገንጥሎ በእነብሴ ምድር የሚገኘው መርጡለ ማርያም ነው። «መርጡል» በግእዝ ድንኳን፣ አዳራሽ፣ ማደሪያ ማለት ነው። የአገሩ ትውፊት ስፍራው አስቀድሞ መሥዋዕተ ኦሪት ይቀርብበት እንደ ነበረ፣ ቤተ ክርስቲያኑም በአብርሃና በአጽብሐ ዘመን እንደ ተተከለ ይናገራል። ትውፊቱን ለሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን እንተወውና፣ በመዝገብ ከተጻፈው እንጀምር።

በመዝገብ የምናገኛት የመጀመሪያይቱ ባለግንብ ንግሥት እሌኒ ናት። እሌኒ የሐድያው ገዥ ልጅ ስትሆን፣ ወደ ክርስቲያኑ ቤተ መንግሥት ገብታ በብዙ ነገሥታት ዘመን ታላቅ ሥልጣን የነበራት፣ ልብነ ድንግል በ1508 ገና ልጅ ሳለ ሲነግሥ መንግሥቱን በሞግዚትነት የመራች ብልኅ ሴት ነበረች። የቱርኮች ኃይል በቀይ ባሕር እየበረታ መሄዱን አይታ፣ ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ አድርጋ የሰደደች እርስዋ ናት። በጎጃም ሰፊ ጉልት ነበራት። የሮማ ባለርስት በገጠሩ ቪላውን እንዳነጸ ሁሉ፣ እሌኒም በጉልቷ ምድር ያነጸችው ቤተ ክርስቲያን ነው። በልዩነቱ ላይ ትንሽ ማሰብ ይገባል፤ ሮማዊው ለራሱ ምቾት ወለሉን በሥዕል ሲያስጌጥ፣ የእኛዎቹ ባለጉልቶች በአብዛኛው በጭቃና በሣር ቤት እየኖሩ ድንጋዩን ለታቦት ያስጠርቡ ነበር። ስለዚህ የጥንት መኳንንቶቻችንን ሀብትና ጥበብ ለማወቅ የሚሻ ሰው መኖሪያ ቤታቸውን ቢፈልግ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ደብራቸውን ይጠይቅ።

ስለዚህ ሕንጻ የሚነግረን የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1540 በሊዝበን ታተመ። ከእርሱ አስቀድሞ በ1490ዎቹ ዓመታት ወደ አገራችን የመጣ፣ ነገር ግን ወደ አገሩ እንዲመለስ ያልተፈቀደለት ፔሮ ዳ ኮቪልያ የተባለ ፖርቱጋላዊ ነበረ። ይህ ሰው ርስት ተሰጥቶት፣ ሚስት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ ከእኛው ጋር ኖረ። እሌኒ በጎጃም ላሠራችው ቤተ ክርስቲያን መንበሩ እንዴት እንደሚሠራ እንዲያሳይ የታዘዘው እርሱ እንደ ነበረ፣ መንበሩም ከእንጨት ተሠርቶ በወርቅ እንደ ተለበጠ ለአልቫሬዝ ነግሮታል። እንግዲህ በዚህች አንዲት ወሬ ውስጥ ምን ያህል ሰው እንዳለ አንባቢ ልብ ይበል። አሳቡና ወርቁ የንግሥቲቱ ነው፤ ምክሩ ከኮቪልያ ነው፤ ድንጋዩን የፈለጠው፣ እንጨቱን የጠረበው፣ ወርቁን የቀጠቀጠው ማን እንደ ሆነ ግን ጸሐፊው ስሙን ሊጠይቅ አልደከመም። ይህ ነገር ወደ ፊትም ደጋግሞ ያጋጥመናል።

እሌኒ በ1522 ዐረፈች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢማም አሕመድ ጦር ተነሣ፤ በዚያ ዘመን በየአገሩ ከተቃጠሉት አድባራት ጋር መርጡለ ማርያምም ጠፋ። የወርቁ መንበር የት እንደ ደረሰ መገመት አያስቸግርም፤ ወርቅ ያለው ቤት በጦርነት ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ ይፈለጋልና። ድንጋዩ ግን ለዘራፊ አይመችም፤ ስለዚህ ቈየ።

ቀጥሎ የመጣው ግንበኛ የንግሥቲቱን ሃይማኖት የሚቃወም ነበረ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በ1622 በግልጥ በተቀበሉ ጊዜ፣ ወንድማቸው ራስ ሥዕለ ክርስቶስ የጎጃም ገዥና የኢየሱሳውያን ካህናት ዋነኛ ደጋፊ ነበሩ። በዚህ ጊዜ ብሩኖ ብሩኒ የተባለ ኢጣልያዊ ኢየሱሳዊ በእሌኒ ፍርስራሽ ላይ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ማሠራት ጀመረ። ዛሬ በመርጡለ ማርያም የሚታየው ባለቅርጽ ግንብ አብዛኛው ከዚህ ከ1620ዎቹና ከ1630ዎቹ መግቢያ ሥራ እንደ ሆነ ያጠኑት ሰዎች ይስማማሉ። ሥራው ብዙ ዕድሜ አላገኘም። በአገሩ ውስጥ ስለ ሃይማኖቱ ደም ፈሰሰ፤ ሱስንዮስ በሰኔ 1632 የቀደመችው ሃይማኖት ትመለስ ብለው ዐዋጅ አስነገሩ፤ ልጃቸው ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። ብሩኒ ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ነበርና በ1640 ተገደለ።

ከዚያ በኋላ ሁለት መቶ ዓመት አለፈ። በ1842 ቻርልስ ቤክ የተባለ እንግሊዛዊ ጎጃምን ሲዞር ወደ መርጡለ ማርያም ደረሰና ፍርስራሹን መርምሮ ጻፈ፤ ጽሑፉም በ1847 በለንደን የጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪዎች ማኅበር መጽሔት ወጣ። ይህን ስንጽፍ ትንሽ ቅር የሚለን ነገር አለ። አጠገቡ ተወልዶ በግድግዳው ጥላ ዳዊት የደገመ ስንት ሊቅ አልፏል! ስለ ግንቡ መልክ ግን ተጽፎ የምናገኘው ቀዳሚ ሰፊ መግለጫ የመንገደኛ ነው። የሊቃውንቱ ዐይን በብራናው ላይ እንጂ በግድግዳው ላይ አልነበረም።

ወደ ስፍራው የደረሰ ሰው የሚያየው እንዲህ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ፣ ጣራ የሌለው፣ ርዝመቱ ከወርዱ የሚበልጥ ሕንጻ ቅሪት ቆሟል። እንደ ጎጃም ክብ ቤተ ክርስቲያን አይደለምና ከሩቅ ሲያዩት እንግዳ ነው። ቀረብ ሲሉ ግን እንግድነቱ ይቀንሳል። ድንጋዩ በጥንቃቄ ተጠርቦ፣ በቅስቱና በግድግዳው ጌጥ ላይ አበባና ሐረግ ተቀርጾበታል። አበባው በክብ ውስጥ የተቀመጠ፣ ቅጠሉ እኩል እኩል የተከፈለ ነው። በጣና ዳር በጎርጎራ ኢየሱሳውያን ያሠሩትን የማርያም ግምብ ያየ ሰው ዘመዳሞች መሆናቸውን ወዲያው ያውቃል፤ በአውሮፓ በዚያ ዘመን ይወደድ የነበረው የጌጥ ዐይነት ነው። የእኛን የብራና ሐረግ የለመደ ዐይን ደግሞ በዚያው ድንጋይ ላይ የሚያውቀውን ነገር ያገኛል። የአሳቡ ባለቤት ከባሕር ማዶ ቢመጣም፣ መሮውን የያዘው እጅ ዝም ብሎ የታዘዘ ብቻ አይመስልም።

እዚህ ላይ የርእሳችን ጥያቄ ይነሣል። በጎጃምና በበጌምድር በኖራ የተገነባ ያረጀ ግድግዳ ሲታይ ሁለት ዐይነት መልስ ይሰማል። አንደኛው «ፖርቱጋሎች የሠሩት ነው» የሚል ነው፤ የውጭ አገር ጸሐፊዎች ይህን ቃል በጣም ወደዱት፤ የእኛም ሰው ከእነርሱ ሰምቶ ተቀበለው። ሁለተኛው በዚህ ተቈጥቶ «አንዲት ድንጋይ እንኳ የባዕድ እጅ አልነካትም» የሚል ነው። ሁለቱም መልሶች ድንጋዩን ሳይመረምሩ የተሰጡ ናቸው። በመርጡለ ማርያም ሁለተኛውን የሚል ሰው የብሩኒን ሥራ መካድ ይኖርበታል፤ ይህ ደግሞ እውነትን መካድ ነው። የመጀመሪያውን የሚል ሰው ግን ከመቶ ዓመት በፊት እሌኒ በዚያ ስፍራ ያነጸችውን፣ ብሩኒም በባዶ ሜዳ ሳይሆን በእርስዋ መሠረት ላይ መሥራቱን ይረሳል። በዚያ ላይ ብሩኒ ፖርቱጋላዊ አልነበረም!

የመርጡለ ማርያም ግንብ ዛሬ የሚያሰጋው የሰው እጅ ብቻ አይደለም። ጣራ የሌለው የኖራ ግድግዳ የክረምት ውኃ በራሱ ላይ ይቀበላል፤ ውኃው በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ገብቶ ኖራውን ያጥበዋል፤ ባዶ በቀረው ስንጥቅ ወፍ የጣለችው ዘር ይበቅላል፤ ሥሩ ሲወፍር ድንጋዩን ይገፋል። ካሳሌን ያዳነው በላዩ የተደፋው ጭቃ ነው፤ ከአየርና ከዝናብ ሸሸገው። የእኛው ግን ቆሞ ስለ ቀረ ዘመኑን ሁሉ ሲደበደብ ኖረ። ከ2006 ጀምሮ የስፔን የከርሰ ምድር ተመራማሪዎች የኢየሱሳውያንን ስፍራዎች በጣና ዙሪያ አጥንተው፣ በአዘዞ ገነተ ኢየሱስም ቈፍረው፣ በ2017 ሰፊ መጽሐፍ አሳተሙ፤ መርጡለ ማርያምንም ከዚሁ ጋር ዘገቡት። ቢሆንም ማጥናት ጣራ አይሆንምና፣ የቅርስ ጥበቃ ኀላፊነት ያለባቸው ሁሉ ስለ ግድግዳው ራስ ቢያስቡበት እንወዳለን። የግድግዳውን ጫፍ በኖራ መድፈንና ቡቃያውን በልጅነቱ መንቀል ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

ከዚህ ወደ ሞጣ እንለፍ። ሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው መቶ ዓመት የተከሉት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው፤ የጎጃሙ ራስ ኃይሉም የእርሳቸው ልጅ ናቸው። እንግዲህ መርጡለ ማርያምን ያነጸች ሴት፣ ሞጣን ያቀናች ሴት መሆኗን ስናይ፣ በዚህ አገር ታሪክ የእመቤቶቹን ጉልት ሳይጠይቁ የግንብና የከተማ ታሪክ መጻፍ እንደማይቻል እንረዳለን።

ከሞጣ ወደ ዓባይ ቈላ ሲወርዱ፣ ጎጃምን ከበጌምድር ጋር በሚያገናኘው በጥንቱ የነጋዴ መንገድ ላይ፣ ሰባራ ድልድይ ይገኛል። ዓባይ በዚያ በጥልቅ ገደል ውስጥ ያልፋል፤ በበጋ በጠባብ ዐለት መካከል ይሰበሰባል፤ በክረምት ግን ሞልቶ ከዳር እስከ ዳር ይሠለጥናል። ስለዚህ የጥንቱ ግንበኛ ዋናውን ፈሳሽ የሚያሻግር ትልቅ ቅስት ሠርቶ፣ ለሙላቱ ደግሞ በዳር በዳሩ ትንንሽ ቅስቶችን አደረገለት፤ ውኃው ሲሞላ ግድግዳውን ከመግፋት ይልቅ በመስኮቶቹ እንዲያልፍ ነው። ወንዙን በክረምቱም በበጋውም ያላየ ሰው ይህን ሊያስብ አይችልም።

ድልድዩን ሰው ሁሉ የፋሲለደስ ሥራ ነው ይላል። ሕዝቡ ለእርሳቸው ሰባት ድልድይ ይቈጥርላቸዋል፤ ኖራውም በእንቍላል ተለውሷል ይባላል። የውጭ አገር መጻሕፍት ግን «የፖርቱጋል ድልድይ» ይሉታል። ፋሲለደስ እኮ ኢየሱሳውያንን ያስወጡ ንጉሥ ናቸው! ታዲያ እርሳቸው ያሠሩት ድልድይ እንዴት የፖርቱጋል ሊሆን ቻለ? ነገሩን ለማስታረቅ የኖራን ታሪክ ማየት ይበቃል። የኢየሱሳውያን ጽሑፎች እንደሚሉት ለግንብ የሚሆን ኖራ በሱስንዮስ ዘመን፣ በ1620ዎቹ መግቢያ ገደማ፣ ከህንድ በመጣ ሰው ምክንያት ታወቀ። በ1648 ወደ ፋሲለደስ የተላከው የየመን መልእክተኛ አልሐይሚም የጎንደርን ቤተ መንግሥት የሠራው ህንዳዊ ግንበኛ መሆኑን ጽፎ አልፏል። እንግዲህ ሚሲዮናውያኑ ሲባረሩ ጥበቡ አብሮ አልተባረረም። ንጉሡ ስብከቱን አስወጥተው ኖራውን አስቀሩ ማለት ነው። በሱስንዮስ ዘመን ከባዕድ ግንበኛ ጋር ኖራ ያቦካ፣ ድንጋይ ያቀበለ የአገር ልጅ፣ በፋሲለደስ ዘመን ራሱ የሚያዝዝ ሆኖ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ከዚያም በኋላ በጎንደር ለመቶ ዓመት ያህል ግንብ በግንብ ላይ የተሠራው ይህ ትምህርት ከእጅ ወደ እጅ ስለ ተላለፈ ነው።

ድልድዩ ስሙን ያገኘበትን ስብራት አሁን የሚነገረው ታሪክ ከፋሺስት ወረራ ዘመን ጋር ያያይዘዋል፤ የጠላት ጦር እንዳይሻገር ዋናው ቅስት ተቈረጠ ይባላል። ወራሪው ድል ከሆነ በኋላም ቅስቱ ሳይጠገን ብዙ ዓመት ቀረ። ቢሆንም ገበያ፣ ለቅሶና ሰርግ አይቀርምና ሰው በገመድ መሻገር ጀመረ። በዚህ ዳር ዐሥር ያህል ጐልማሶች፣ በዚያ ዳር ዐሥር ያህል ጐልማሶች ይቆማሉ፤ ተሻጋሪው ገመዱን ታጥቆ በስብራቱ ላይ ይንጠለጠላል፤ አንዱ ወገን እየለቀቀ ሌላው ወገን እየሳበ ያሳልፈዋል። ሽማግሌውም፣ ነፍሰ ጡሯም፣ የእህሉ ስልቻም በዚሁ መንገድ ያልፉ ነበር። ከበታች ዓባይ ነው።

የዚህ መሻገሪያ ፎቶግራፍ በአሜሪካው ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጣ። ፎቶግራፉን ያየ ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የሕንጻ ተቋራጭ ነገሩ ከልቡ ገብቶ ድልድይ የሚሠራ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ፤ በ2002 ከአካባቢው ሰዎች ጋር ሆኖ ስብራቱን በብረት አገናኘው። ብረቱን ተሸክመው ገደሉን ያወረዱት የአገሩ ሰዎችና አህዮቻቸው ነበሩ። በ2005 የመጣው ጎርፍ ግን ብረቱን ወሰደው። ዓባይ ከጥንቱ ግንበኛ ጋር የነበረውን ስምምነት ከአዲሱ ጋር አላደረገም ለማለት ያስደፍራል። ስለዚህ በ2009 ከሙላቱ ከፍ ብሎ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ ሌላ ድልድይ ተሠራ፤ መሻገሪያው ሙሉ ሆነ። ስፍራው ግን ስሙን አልለወጠም። «የፖርቱጋል ድልድይ» የሚለውን ከመጽሐፍ ያላነበበ የአገሩ ሰው፣ በአዲሱ ላይ ተሻግሮ ሲያበቃም የት ነበርህ ቢሉት፣ ሰባራ ድልድይ ይላል።